ተቀምጦ ወፍ ስለ ማየት

የመንግሥት ሠራተኛ ስድሳ ዓመት ሲሞላው በጡረታ ይሰናበት የሚለው ሕግ ለሰውየው ጊዜ ሰጠው እንጂ ዕረፍት አልሰጠውም፤ የእነዚህንም የሁለቱን ልዩነት ከማንም አብልጦ የሚያውቀው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊርማና ማኅተም ሲያሳርፍ ኖሮ አንድ ሰኞ ጧት የሚፈርምበት ወረቀት ያጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቀኑን በዕድር ስብሰባና በልቅሶ ቤት፣ ምሽቱን በዜናና በዜናው ላይ በሚነሣ ክርክር ያሳልፍና፣ አንዳች ከባድ ሥራ ሳይሠራ አመሻሹ ላይ ድካም ድካም ሲለው ነገሩን ሁሉ በዕድሜው ያመካኛል። የድካሙ ምክንያት ግን ዕድሜ ብቻ አይደለም። ሬቸል ካፕላንና ስቲቨን ካፕላን የተባሉት ባልና ሚስት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የሰው ልቡና ሁለት ዐይነት የማስተዋል ጠባይ አለው፤ አንደኛው ፈቃዳችንን አስጨንቀን፣ የሚያውከንን ሁሉ እየገፋን የምናዘው፣ ሒሳብ ስንመረምር፣ ደብዳቤ ስናረቅቅ፣ ወይም ደስ የማይል ነገር እየሰማን ፊታችን እንዳይለወጥ ስንታገል የምንጠቀምበት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሳንጠራው የሚመጣ፣ ደመና ሲሄድ፣ ውኃ ሲንቀሳቀስ፣ ወፍ ሲበር ባየን ጊዜ ያለ ድካም የሚሰጠን ነው። የመጀመሪያው ይዝላል፤ የሚታደሰውም በእንቅልፍ ብቻ ሳይሆን፣ ሁለተኛው ዘብ ተረክቦ እርሱን ባሳረፈው ጊዜ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ላስረዳው የምፈልገው፣ አዕዋፍን በዝግታ ማየት፣ ይኸውም ሳይቈጥሩ፣ ሳያሳድዱ፣ ከማንም ጋር ሳይፎካከሩ ማየት፣ ለሸመገለ ሰው ከሚስማሙት የዕረፍት መንገዶች ሁሉ የቀለለው ስለ መሆኑ ነው፤ ለዚህም በምስክርነት የማቀርበው የሐዋሳን ሐይቅ ዳር ነው።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. የተቈረቈረች ከተማ እንደ መሆኗ ዕድሜዋ ከዛሬዎቹ ጡረተኞቿ ዕድሜ እምብዛም አይርቅም፤ ሐይቁ ግን በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የጥንት እሳተ ገሞራ በተወው ጎድጓዳ ሥፍራ የተኛ እጅግ የቈየ ውኃ ነው። ስፋቱ ዘጠና ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታም ወደ 1,700 ሜትር የሚጠጋ ነው። ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን በገሃድ አይታይም። መውጫ የሌለው ውኃ በቈላ ፀሐይ እየተነነ እንደ ሻላና እንደ አብያታ ጨዋማ መሆን ሲገባው፣ የሐዋሳው ለዓሣ የሚስማማ ጣፋጭ ውኃ ሆኖ መኖሩ የሥነ ምድር ሊቃውንትን ሲያነጋግር የኖረ ነገር ነው፤ ለእኛ ግን ከዚህ የሚበቃን ውጤቱ ነው፤ ቆሮሶውና አምባዛው፣ ቢልጫውም በዚህ ውኃ ይራባሉ፣ ዳር ዳሩን ፊላና ቄጠማ ይበቅላል፣ ዓሣና ቄጠማ ባሉበትም አዕዋፍ ሳይጠሩ ይሰበሰባሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለአዕዋፍ ኑሮ ልዩ ጥቅም አላቸው ብሎ ከመዘገባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይህ ሐይቅ ነው። መጽሐፈ አክሲማሮስን የተማረ ሰው ደግሞ አዕዋፍ በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የተገኙ መሆናቸውን ስለሚያውቅ፣ በሐይቅ ዳር ስብሰባቸው እንኳን ሊደነቅ ቀርቶ ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ሽምግልና የሚያመጣቸው ለውጦች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በሌላ ቦታ ሁሉ ጉድለት ተብለው የሚቈጠሩት አንዳንዶቹ እዚህ ወደ ጥቅም ይለወጣሉ። አረጋዊ ሰው ማታ ቶሎ እንቅልፍ ይጫነዋል፣ ሌሊት አሥር ወይም ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ዐይኑ ይፈጣል፤ ሐኪሞች ይህን የሰውነት የውስጥ ሰዓት ከዕድሜ ጋር ወደ ፊት እየተሳበ የመሄዱ ምልክት ነው ይሉታል። ቤተ ሰቡ ገና ተኝቶ ሳለ ነቅቶ በመኝታው ላይ መገላበጥ ትልቅ ሥቃይ ነው፤ አዕዋፍ ግን ከቀኑ ሁሉ የሚበዙበትና የሚሰሙበት ሰዓት ይኸው ንጋት ነውና፣ ዳዊቱን ደግሞ ኪዳን ካደረሰ በኋላ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሽማግሌ፣ ጎልማሳው ደወል አስደውሎ በግድ የሚነሣበትን ሰዓት በነጻ ያገኘዋል። እርምጃው የከበደ ሰው ወፍ አያስበረግግም። ብዙ የማይናገር ሰውም እንዲሁ ነው።

ይሁን እንጂ ዐይንና ጆሮ መድከማቸውን መካድ አይገባም። ጆሮ ሲያረጅ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑንና ከፍተኛውን ድምፅ ስለ ሆነ፣ በጫካ ውስጥ ቅጠል ለቅጠል የሚዘሉት ደቃቃ ወፎች ከሽማግሌው ዓለም ቀስ በቀስ እየጠፉ ይሄዳሉ፤ ሞራ የጋረደው ዐይንም ከሰባ ሜትር ላይ ድንቢጥን ከድንጋይ አይለይም። ከ1905 እስከ 1916 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኤድዋርድ ግሬይ የዐይኑ ብርሃን እየደከመ ሲሄድ ወፎችን በድምፃቸው ብቻ ለይቶ እያዳመጠ ኖረ፤ በ1910 የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚደንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ይዞ በእንግሊዝ አገር ዱር ውስጥ ወፍ ሲያዳምጡ መዋላቸው የታወቀ ነው፤ በ1927ም ስለ አዕዋፍ ውበት መጽሐፍ አሳተመ። ግሬይ ጆሮው ደኅና ስለ ነበረ ዕድለኛ ነው። ሁለቱም ለደከሙበት ሰው ግን ከሐዋሳ የሚሻል ሥፍራ አላውቅም፤ እዚህ የሚታዩት ወፎች ትላልቅ፣ ዝግተኞችና ሰው የለመዱ ናቸውና፣ መነጽሩን ቤት ረስቶ የመጣ ሰው እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም።

ለምሳሌ ያህል በሐይቁ ዳር በአሞራ ገደል ያለውን አባ ኮዳ እንመልከት። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት የጣሉትን መረብ ስበው፣ ጀልባቸውን ወደ ዳር አስጠግተው፣ ሴቶችና ልጆች በቢላዋ ዓሣውን ሲሰነጥቁ፣ ይህ ግዙፍ ወፍ መዝገብ ቤት ደጃፍ ቀጠሮ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ትከሻውን ሰብስቦ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ከሰው መካከል ቆሞ ይታያል። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ክንፉን በዘረጋ ጊዜ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። መልኩ ያማረ አይደለም፤ ይህን ለመደበቅ መሞከርም ሐሰት ይሆናል። ራሱና አንገቱ ራቁቱን ነው፤ ከጥንብ ውስጥ ጭንቅላቱን አግብቶ የሚመገብ ወፍ ላባ ቢኖረው ደምና ስብ እየተጣበቀ ያስቸግረው ነበርና ተፈጥሮ ለሥራው የሚስማማውን አድርጋለታለች። ከጉሮሮው በታች የሚንጠለጠለውን ቀይ ከረጢት ብዙ ሰው የስንቅ ማኖሪያ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አየር የሚሞላበት፣ ተባዕቱ ለእንስቲቱና ለባላጋራው የሚታይበት ነው እንጂ አንዲት ቁራጭ ዓሣ አይገባበትም። እግሩ ነጭ ሆኖ የሚታየውም በተፈጥሮው አይደለም፤ ፀሐይ ስትበረታ በገዛ እግሩ ላይ ኵሱን ይለቅቅበታል፣ ርጥበቱም ሲተን ደሙን ያበርድለታል። ይህን የነገርኩት አንድ ወዳጄ አፍንጫውን ይዞ ሳቀ፤ በበነጋው ግን እግሮቹን ለማየት ተመልሶ መጣ። ወፍ ማየት የሚጀመረው እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ውበት ሳይሆን ነገር ይስበናል።

ሻላ፣ በፈረንጅኛ ስሟ ፔሊካን የምትባለው፣ ከአባ ኮዳ ጎን ስትቆም ንጉሣዊት ትመስላለች። በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ፣ ጫጩቶቿ ፊቷን ሲመቷት በቍጣ ገድላ፣ ሦስት ቀን አልቅሳ፣ ከዚያ በኋላ ጎኗን ከፍታ በደሟ እንደምታስነሣቸው ይተርክና ነገሩን ለመድኃኔ ዓለም ምሳሌ ያደርገዋል። ምሳሌው ለነፍስ የጸና ነው፤ ሥጋዊ ኑሮዋ ግን ከዚህ የተለየ፣ በራሱም መንገድ የሚያስደንቅ ነው። ሻላዎች ዓሣ ሲያጠምዱ ብዙዎች ሆነው ግማሽ ክብ ይሠራሉ፤ ዓሣውን እየከበቡ ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ ይነዱታል፤ ከዚያ በኋላ ምልክት የተሰጣቸው ይመስል በአንድ ጊዜ ምንቃራቸውን ይነክራሉ፤ ከረጢታቸው የሞላውን ውኃ ካፈሰሱ በኋላ የቀረውን ዓሣ ይውጣሉ። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የእነዚህን ወፎች መራቢያ አጥንተው ውጤቱን በ1969 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የኢትዮጵያን አዕዋፍ ዝርዝር አወጡ። ደሴቲቱ ከአውሬ የራቀች ስለ ሆነች ለዕንቍላል ትመቻለች፤ በዙሪያዋ ያለው ውኃ ግን ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው፣ ወላጆቹ ፀሐይ ምድሩን አሙቃ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ እስኪነሣ ጠብቀው፣ በእርሱ ላይ ተንሳፍፈው እየዞሩ ከፍ ካሉ በኋላ ወደ ሌላ ሐይቅ ተሻግረው ይመገባሉ። ከሐዋሳ ዳርቻ ላይ ረፋዱን ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በክብ ሲወጡ ያገኛቸዋል፤ ይህን ለማየት የሚያስፈልገው የሚደገፉበት ወንበርና የማይቸኵል አንገት ብቻ ነው።

ስለ ዕረፍት ከተነሣ ዓሣ በሉ ንስር ሊረሳ አይገባም። ይህ ነጭ ራስ ያለው ወፍ ጩኸቱ የሐይቁ ሁሉ አዋጅ ነጋሪ እስኪመስል ድረስ ቢያስተጋባም፣ ቀኑን አብዛኛውን የሚያሳልፈው በአንድ ከፍተኛ ዛፍ ላይ ያለ ሥራ ቆሞ ነው፤ ሲፈልግ አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ በጥፍሩ ዓሣውን ያነሣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ለሥራ ፈትነቱ የሚወቅሰው አለቃ የለውም። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ላባ ያላት ትንሿ የዓሣ አዳኝ ወፍ ግን የእርሱ ተቃራኒ ናት፤ በአየር ላይ አንድ ቦታ ላይ ክንፏን እያርገበገበች ትቆምና እንደ ተወረወረ ድንጋይ ትወድቃለች። በሐይቁ ዳር ባለ ዋርካ ላይ ጉሬዛ ከሚዘልበት ቅርንጫፍ አጠገብ ደግሞ ምንቃሩ ባለ ቀንድ የሆነ ትልቅ ወፍ ፍሬ ይለቅማል፤ የዚህ ወፍ እንስት ዕንቍላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ በዛፍ ጉድጓድ ገብታ ደጁ በጭቃ ይመረግባታል፣ ባልየውም በተተወችው ጠባብ ቀዳዳ በኩል ለብዙ ሳምንታት ምግብ ሲያቀብላት ይከርማል። ዐርባ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ይህን ሲሰሙ እርስ በርሳቸው የሚተያዩበትን አኳኋን አንባቢው ራሱ ይገምተው።

አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ፣ በፍቅር ሐይቅ መንገድ ዳር ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ቁጭ ያሉ አንድ ሽማግሌን፣ «አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» ሲል ሰምቻለሁ። «ምንም አልጠፋብኝም ልጄ፤ ወፍ እያየሁ ነው» አሉት። «ወፍማ ትናንትም ነበረ እኮ!» ቢላቸው፣ «ትናንትም አይቼዋለሁ፤ ተባረክ» ብለው ፊታቸውን ወደ ውኃው መለሱ። ወጣቱ የጠየቀው ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ ያዩትን ወፍ ደግሞ ማየት ምን ይጠቅማል? ለዚህ ጥያቄ በባሕር ማዶ የተሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ቍጥር ነው። ፊቢ ስኔትሲንገር የተባለች አሜሪካዊት በ1981 እ.ኤ.አ. በማይድን ደዌ ተይዘሻል በተባለች ጊዜ ዓለምን እየዞረች ወፍ ማየት ጀመረች፤ ከስምንት ሺህ በላይ ዐይነት አየች፤ በ1999ም በማዳጋስካር ወፍ ፍለጋ ሳለች በመኪና አደጋ ሞተች። ጽናቷን አደንቃለሁ፤ ሩጫው ግን ዕረፍት አይባልም። በእኛም አገር በ1990 እ.ኤ.አ. በነጭ ሳር ሜዳ ላይ መንገድ ዳር የተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ፣ ከዚያ በፊት ያልታወቀ፣ በሌሊት የሚበር የወፍ ዐይነት ምስክር ሆኖ በሊቃውንት መዝገብ ገብቷል፤ ያን ወፍ ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ አሉ። ለእነርሱ ይቅናቸው። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 1,292 ሰዎችን በስልካቸው በቀን ብዙ ጊዜ ስለ ስሜታቸውና ስለ አካባቢያቸው ሲጠይቁ፣ ወፍ ያዩ ወይም የሰሙ ሰዎች የተሻለ ስሜት እንዳላቸው፣ ይህም እስከ ስምንት ሰዓት ሊቈይ እንደሚችል፣ በትካዜ ደዌ በተያዙትም ላይ እንደ ታየ አገኙ፤ የወፉን ስምና ዘር ግን ማንንም አልጠየቁም። ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ያዩትን ደግሞ ማየት የሚሰጠውን ዕውቀት የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ የመስቀል ወፍ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋውን ዘመድ ሁሉ በእርሱ ስም መጥራት ለምደናል። በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች መካከል የብዙዎቹ ነገር ግን ሲመረመር፣ ወፉ የትም አልሄደም። ክረምቱ ሲበረታ ተባዕቱ ለመራባት ጥቁሩን ከቀይ ወይም ከቢጫ ጋር አዋሕዶ ይለብሳል፣ አንዳንዱም ረጅም ጅራት ያወጣል፤ መኸሩ ካለፈ በኋላ ያን የክብር ልብሱን አውልቆ እንደ እንስቲቱ ቡናማ ይሆንና ከሌሎች ደቃቃ ወፎች ጋር ተቀላቅሎ ጥራጥሬ ሲለቅም ይከርማል። እኛ የማናየው አጊጦ ስላልመጣ ነው። በየካቲት ወር በአንድ ቍጥቋጦ አጠገብ ጧት ጧት ለመቀመጥ ትዕግሥት ያለው ሰው ያገኘዋል፤ ማዕርጉን ያስረከበ ባለሥልጣን በዚህ ጉዳይ ላይ ከሌላው ይልቅ ዐይኑ ሳይከፈት አይቀርም።

ስለ ሥርዓቱ የምለው ጥቂት ነው። የሩቅ ማሳያ መነጽር ቢኖር ደግ ነው፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ያለበት ሰው ግን ብዙ የሚያጐላውን ሳይሆን መጠነኛውን ይምረጥ፣ የሚያጐላ መነጽር የእጅንም መንቀጥቀጥ ያጐላልና። ለአባ ኮዳ ዓሣ እየወረወሩ ማለማመድ ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም፤ ወፉንም ሰውንም ያባልጋል። አመሻሹ ላይ ጉማሬ ለግጦሽ ስለሚወጣ ከቄጠማው ዳር መራቅ ይገባል፤ ሐዋሳ የወባ አገር ስለ ሆነችም ከጀንበር ጥልቀት በኋላ በዳር መቀመጥ ጀግንነት አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቦታ መርጦ በዚያው መጽናት ነው። በየቀኑ ሥፍራ የሚለውጥ ሰው ሥፍራዎችን ያያል፤ በአንድ ሥፍራ የሚጸና ሰው በቅጠል ላይ የምትራመደዋ ረጃጅም ጣት ያላት ወፍ ጫጩቶችን አባታቸው በክንፉ ሥር አቅፎ ሲያሳልፋቸው የማየት ዕድል ይገጥመዋል፤ በእነዚህ ወፎች ዘንድ ልጅ አሳዳጊው ተባዕቱ ነው።

ሽማግሌ ተቀምጦ ሰማይና ምድርን ሲመለከት ሥራ ፈታ የሚባልበት አስተሳሰብ ከከተማ ኑሮ ጋር የመጣ ነው እንጂ የዚህ ምድር አይደለም። በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ በዐይናቸው ተከታትለው የፊቼ ጨምበላላን፣ የዘመን መለወጫውን፣ ዕለት ይወስናሉ፤ እነርሱ ሳይናገሩ በዓሉ አይከበርም፤ በዓሉም በሐይቁ ዳር በጉዱማሌ በታላቅ ጉባኤ ይከበራል፤ በ2015 እ.ኤ.አ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በቤተ ክርስቲያናችንም ትውፊት ቅዱስ ያሬድን ዜማ ያስተማሩት ከገነት የመጡ ሦስት አዕዋፍ ናቸው፤ ወፍ ማዳመጥን የሚያቃልል ሰው ከሊቁ በላይ ሊቅ መሆን ይኖርበታል።

የሐይቁ ዳርቻ እንደ ቀድሞው አለመሆኑን የሚያውቁት ደግሞ እነዚሁ ተቀማጮች ናቸው። ወደ ጥቁር ውኃ ወንዝ የሚፈስሰው የጨለለቃ ሐይቅ ወደ ረግረግ ተለውጧል፤ በከተማው በኩል ቄጠማው ለመንገድና ለመዝናኛ ሥፍራ ተመንጥሯል፤ ይህን ሁሉ በቀን በቀኑ ያየ ሰው ለልጅ ልጁ የሚነግረው ከጋዜጣ የተሰማ አይሆንም። ለመጻፍ የሚወድም ቢኖር ብዙ አያስፈልገውም፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽታ የምትመጣው፣ ሆዷ ቢጫ የሆነው፣ ሜዳ ለሜዳ ጅራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች የምትራመደው ትንሽ ወፍ ከእንቍጣጣሽ በኋላ መጀመሪያ የታየችበትን ቀንና በበልጉ መጨረሻ የጠፋችበትን ቀን በአንድ ደብተር ላይ በየዓመቱ ማኖር ይበቃል። በዚህ ነገር ላይ ደብተር የያዙ ሁለት ጡረተኞች፣ አንዱ «ዘንድሮ ከመስቀል በፊት ነው የመጣችው»፣ ሌላው «የለም፣ ደመራው ከተለኰሰ በኋላ ነው፤ አንተ ያየኸው ሌላ ነው» እየተባባሉ፣ ሁለቱም የማስረጃ ገጻቸውን እያገላበጡ፣ የዓሣ ሾርባው እስኪቀርብ ድረስ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ ሾርባው ከመጣ በኋላም አላቆሙም።